የቅቤ ነጋዴው ጾም

ደሴ ውስጥ፣ ሙጋድ ሰፈር፣ ኑርሁሴን በሺር የሚባል ቅቤ ነጋዴ ነበር። ወዳጆቹ «መጀመሪያ ሆዱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጥምጣሙ፣ በመጨረሻ ራሱ ኑርሁሴን» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ያን ጊዜ ውፍረት የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። የወፈረ ሰው «አማረበት፣ ተመቸው» ይባላል፤ የከሳ ነው «ምን አገኘው?» ተብሎ የሚታዘንለት። ቅቤ ነጋዴ ሲሆንማ ይብሳል። ሰኞ ገበያ ላይ ኑርሁሴን ከቅቤ ቅሎቹ ጀርባ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ በጣቱ ጫፍ ቅቤ ቀንሶ እየቀመሰ «ይኼ የበሰለ ነው፣ ያኛው ለጋ ነው» ሲል ያየ ገዢ ሌላ ዘንድ አይሄድም። ፊቱ ራሱ ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበር።

ሚስቱ ረሂማ ተስቦ በገባ ዓመት ሞተችበት። አንዲት ልጃቸው ለይላ ከዚያ አስቀድሞ ለባል ተድራ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን የሚባል አገር ገብታለች። እንግዲህ ያ ትልቅ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ለብቻው ቀረ። እንጀራ የምትጋግርለት ሴት ጠዋት መጥታ ጋግራ ትሄዳለች። ወጥ ሠርታለት ብትሄድም እሱ ክዳኑን ከፍቶ አይቶ መልሶ ይከድነዋል። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ ለብቻው የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል።

ስለዚህ ሰው ያለበትን እየፈለገ ይሄድ ነበር። ሰደቃ የወጣበት፣ ሠርግ የተደገሰበት፣ ሐዘን የተቀመጡበት ቤት ኑርሁሴን አይታጣም። የሚጠራው ሲጠፋ ደግሞ እሱው በግ ጥሎ ጎረቤቱን ይጠራል። ሰው ሁሉ ሥጋ ወዳድ ነው ይለዋል። እርግጥ ነው፣ ይወዳል። ግን ሥጋው ብቻውን ቢሆን ኖሮ እቤቱም ድስቱ ውስጥ ሞልቶለት ነበር። እሱ የሚፈልገው ከትሪው ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ መቀመጡን፣ «ኧረ ጉረስ!» «ኧረ ተው!» መባባሉን ነበር። ረሂማ ከሞተች ወዲህ የወፈረውም በዚህ ነው።

ጣሊያን ደሴን ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት አስፋፍቶ ካሚዮን ይመላለስበት ጀምሯል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ የመንገድ ሠራተኛው ድንኳን ተተክሎ፣ እንግዳው በርክቶ፣ ገበያው ደርቶ ነበርና ኑርሁሴንም ከባልንጀራው ከዘይኑልአቢዲን ጋር ቅቤ በአህያ ጭኖ ይወርዳል። ዘይኑልአቢዲን ጨው ነጋዴ ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብረው የኖሩ፣ የአንዱ ቤት ለሌላው ቤት የሆነ ሰዎች ናቸው።

የዚያን ዓመት ዐረፋ እንደወትሮው ከቤት ቤት ሲዞር፣ ከአንዱ ትሪ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲቀመጥ አለፈ። በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወርደው ሸጠው ሲመለሱ፣ ገና የሐረጎን ዳገት እንደጀመሩ ኑርሁሴን ቆመ። ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት መሰለው። ቀኝ እግሩ ከትናንት ጀምሮ አብጦ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አልረግጥም አለው። ላቡ ጥምጣሙን አርሶ ወደ ዓይኑ ወረደ።

«አንተ፣ ምን ሆንክ?» አለ ዘይኑልአቢዲን።

«ትንሽ… ልረፍ» አለና መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ዘይኑልአቢዲን ቁልቁል የሚወርድ ካሚዮን እጁን ዘርግቶ ለምኖ አስቆመ። ሁለት ሰው ደግፎት፣ ሦስተኛው ከላይ ስቦት ነው የጫኑት። ኮምቦልቻ የመንገድ ሠራተኞቹ ሐኪም ዘንድ አወረዱት።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ፀሐይ የጠበሰችው ጣሊያን ነበር። ደረቱን አዳመጠ። ያበጠውን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሲለቀው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ምን እንደሚበላ አስጠየቀው። ኑርሁሴን ነገረው። አስተርጓሚው የሐማሴን ሰው ነበር፤ እየሰማ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ።

«ልብዎን ስብ ይዞታል ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ሥጋ ይተው፣ ቅቤ ይተው፣ ወተትም እንቁላልም ይተው። ከእንስሳ የሚመጣ ሁሉ ይቅርብዎ ይላል። ሰውነትዎ ካልቀነሰ ያን ዳገት ሁለተኛ አይወጡትም።»

«ለስንት ጊዜ?»

አስተርጓሚው ጠየቀለት። ሐኪሙ ወደ ሌላው በሽተኛ እየዞረ ባጭሩ መለሰ።

«መኖር እስከፈለጉ ድረስ ይላል።»

«ታዲያ ምን ልብላ?»

አስተርጓሚው ሳቅ አለ። «እኛ በሁዳዴ የምንበላውን ነዋ! የክርስቲያን ጾም ጹም ነው የሚልዎ።»

«አስተግፊሩላህ!» አለ ዘይኑልአቢዲን ከበሩ ላይ ሆኖ።

ኑርሁሴን ቤቱ ገብቶ ሰነበተና ነገሩን ያወጣ ያወርድ ጀመር። ጣሊያን በአውሮፕላን ቦምብ ያዘነበባት ደሴ ይህችው ናት፤ የዚያ አገር ሰው የኔን ዕድሜ ለምን ይመኝልኛል ይላል። ደግሞ እግሩን ያያል። እግሩ ጣሊያን አይደለም፤ የገዛ እግሩ ነው፣ አብጧል። ጠዋት «እተወዋለሁ» ብሎ ይቆርጣል፤ ቀትር ላይ ከገበያ ቅቤ የነካ እጁን ሲያሸት «ቆይ እስቲ» ይላል። ከሁሉ ያስጨነቀው ግን ያ የአስተርጓሚው ቃል ነበር። መስጊድ ሄዶ የሚያከብራቸውን ሽማግሌ ሼህ አማከረ።

«ሼሃችን፣ ነገሩ የክርስቲያን ጾም ነው ቢሉኝ ልቤ ፈራ» አላቸው።

ሼሁ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙት። «አላህ ሐላል ያደረገውን ሐራም ነው አትበል እንጂ፣ ለመድኃኒት ብለህ ብትተወው ምንም የለበት። አብሽር። ይልቅ ሲጋብዙህ ምን ትላለህ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መንገሩስ ትነግራቸዋለህ» አሉት።

መጀመሪያ የሞከረው ሽሮ መከራ ነበር። የምትጋግርለት ሴት «ቅቤ የሌለው ወጥ እኔ አላውቅበትም» ብላ ጥላው ሄደች። እሱው ውኃ ጥዶ ዱቄቱን በተነበት፤ ጓጎለ፣ ከሥር አረረ፣ ከላይ ጥሬ ሆነ። ቀምሶ ተፋው። ተነሥቶም ዘይኑልአቢዲን ቤት ሄደና ከነቅቤው፣ ከነሥጋው ጠገበ። ጠዋት ሲነሣ እግሩ ከጫማ የሚገባ አልነበረም። ግድግዳ ይዞ እየተንፏቀቀ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና «በቃ» አለ። ያየውም የሰማውም ሰው አልነበረም።

ልክ በዚያው ሰሞን ሁዳዴ ገባ።

ከኑርሁሴን ቤት ቀጥሎ፣ ከግራዋው አጥር ወዲያ፣ ፀሐይነሽ የምትባል ክርስቲያን ሴት ትኖራለች። ባሏ በላቸው ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገራት የለም፤ አለ ብሎ የነገራትም የለም። ጥቁር አልለበሰችም፣ ነጭም አላማራትም። ከኑርሁሴን ጋር ብዙ ዘመን ተጎራብተዋል። ጠዋት እንደምን አደሩ ይባባላሉ፤ ረሂማ ስትሞት ፀሐይነሽ ከሐዘን ቤቱ ሳትለይ ነው የሰነበተችው። በገበታ ግን ተገናኝተው አያውቁም። የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ አይነካካም። በዓል ሲመጣ ኑርሁሴን ዶሮ ከነነፍሷ ይልክላታል፣ በራሷ ሰው አሳርዳ እንድትበላ። እሷም በፋንታዋ ማር ትልክለታለች። ከዚያ አያልፍም።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ያረረ ድስት በድንጋይ ሲፍቅ አየችው።

«አያ ኑርሁሴን! ምነው? ሰው ጠፍቶ ነው እርስዎ ድስት የሚፍቁ?»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሐኪሙን፣ አስተርጓሚውን፣ የጓጎለውን ሽሮ። ፀሐይነሽ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በላቸው ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስቃ የምታውቅ አትመስልም።

«ይኼማ የኔ ምግብ ነው!» አለች። «ይቆዩ።»

ገብታ ሱፍ ፍትፍት በሣህን ይዛ ወጣች። አጥሩ የሳሳበት ቦታ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ አስቀመጠችው። ኑርሁሴን ሣህኑን አየ እንጂ እጁን አልዘረጋም።

«ምን ያስባሉ? ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። ምን ያጣላናል?»

«ቢስሚላህ» ብሎ ቆረሰ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ቃሪያው ምላሱን ጠቅ አደረገው፤ ሱፉ ወተት ይመስል ነበር። ሌላ ቆረሰ። እሷም ከወዲያ በኩል ባማተበችበት እጇ ቆርሳ ጎረሰች። ኑርሁሴን ከዚያ በፊት የክርስቲያን ሰው ከሱ ጋር ካንድ ሣህን ሲቆርስ አላየም። ጉሮሮው ላይ የሚቆምበት ነገር የዚያን ቀን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እሷ ከቅዳሴ ትመለሳለች፣ እሱ የዐስር ሶላቱን ይሰግዳል፣ ሁለቱም ሰዓታቸው እኩል ነው። ዱሮ ከጠዋት ጀምሮ አፉ የማያርፈው ሰውዬ እሷ እስክትመለስ ይጠብቅ ጀመር። ከገበያ ምስር፣ ተልባ፣ ቅባኑግ ይዞ ይመጣል። እሷ ታስተምረዋለች። «ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ያቁላሉት፣ አይቸኩሉ፣ ውኃውን ራሱ ያወጣል» ትለዋለች። ስልጆ ሠራ፤ አዚፋ ሠራ፤ ሽሮው መጓጎሉን ተወ። እየበሉ ያወራሉ። እሷ ስለ በላቸው ስታወራ «ይወዳል» ትላለች እንጂ «ይወድ ነበር» አትልም። እሱ ስለ ረሂማ ያወራል። አንዳንዴ ምንም አይባባሉም፤ ዝም ብለው ይበላሉ፤ እሱም ከወሬው አያንስም ነበር።

ሰውነቱ መቅለል ጀመረ። መጀመሪያ የእግሩ እብጠት ጎደለ። ቀጥሎ ቀበቶው ላልቶ አዲስ ቀዳዳ አስፈለገው። ሁዳዴው እኩሌታ ሲደርስ ከሙጋድ እስከ ሰኞ ገበያ ሳያርፍ ይሄድ ጀመር። ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ የለም። ራሱም ይገረማል፤ ሲራመድ እግሩ ቀድሞት የሚሄድ ይመስለዋል።

ገበያው ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ጉንጩ ሲሟሽሽ ያየ «ከሰረ እንዴ?» አለ። ሌላው «ያ ሳል የሚባለው በሽታ ይዞት ይሆናል» ብሎ ራቅ ብሎ ቆመ። ቅቤ በጣቱ መቅመስ ትቶ በአፍንጫው ብቻ ማሽተቱን ያስተዋሉ ገዢዎች ደግሞ ተንሾካሾኩ። «ራሱ የማይቀምሰውን ቅቤ እኛ ለምን እንበላለን? ሞራ ደባልቆበት ቢሆን ነው» አሉ። የዱሮ ደንበኞቹ እያዩት፣ ሰላም እያሉት፣ አልፈው ካጠገቡ ያለው ዘንድ ይገዙ ጀመር። ሌላ ወሬም ነበር፤ እሱን ፊት ለፊት የሚነግረው የለም። የነገረው ዘይኑልአቢዲን ነው።

«ሊጠመቅ ነው ይሉሃል» አለው።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው አልኳቸው።» ቀጥሎም «ግን ምናለ፣ ሲጠሩህ ትንሽ ብትቀምስላቸው? ትንሽ እኮ አይገድልም» አለው።

«ትንሽ የምትባለዋን እኔ አላውቅባትም፣ ዘይኑ» አለ ኑርሁሴን። ዘይኑልአቢዲን ሳቀ፤ ቢሆንም ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ኑርሁሴን ይህን ሁሉ ችሎት ነበር፤ ማታ ማታ ባይሆንም ከዐስር በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚጠብቀው ሰው ነበረዋ። የረሳው አንድ ነገር ቢኖር የፀሐይነሽ ጾም ማለቂያ ያለው መሆኑን ነው።

ፋሲካ ዋለ። ከቦሩ ሜዳ ወንድሟ ወልደ ሚካኤል ከነቤተሰቡ መጥቶ ቤቷን ሞላው። ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ሳቅና የሕፃን ጩኸት፣ የተነጠረ ቅቤና የዶሮ ወጥ ሽታ አብሮ መጣ። ኑርሁሴን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሽታውን ሳበ። ያ ቅቤ ከራሱ ቅል የወጣ ነው፤ ለበዓሉ ብሎ እሱው ነው የሰጣት። ቀትር ላይ ፀሐይነሽ በአጥሩ በኩል መጣች። በእጇ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ፊቷ በራ ብሏል፣ ጠጉሯ ተሠርቷል።

«እንኳን አደረሰዎ ይበሉኝ እንጂ! እኔማ ዛሬ የምሰጥዎ ቸገረኝ። ዶሮውን እንዳልሰጥዎ የኛ እርድ ነው፤ የእርስዎ እርድ ቢሆንስ ሐኪሙ አለ። ዳቦ ይዤ መጣሁ።»

«እንኳን አደረሰዎ፣ እትዬ ፀሐይነሽ። ዳቦው ይበቃኛል። ይሂዱ፣ እንግዳ አለብዎ።»

ሄደች። ዳቦውን ቆረሰ። ሸጋ ዳቦ ነበር፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበት። ካንድ ቁራሽ በላይ ግን አልበላም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሃምሳ ቀን ክርስቲያን የማይጾምበት ነው። ፀሐይነሽ አልፎ አልፎ በአጥሩ በኩል «አያ ኑርሁሴን፣ ደህና ነዎት?» ትለዋለች እንጂ ሣህን የሚያስቀምጡበት ድንጋይ ባዶውን ዋለ። ብዙም ሳይቆይ የወልደ ሚካኤል ሚስት ልትወልድ ደርሳ ታመመችና ፀሐይነሽ ልታግዝ ቦሩ ሜዳ ሄደች። ስትሄድ የተዘጋጀ የሽሮ ዱቄት በቁና ሰፍራ ሰጠችው።

«እስከ ክረምት እመለሳለሁ» አለችው።

ክረምት ገባ፤ አልተመለሰችም። አራሷ ሞታ ሕፃኑን እሷ ይዛው ቀረች ሲባል ሰማ። ከዚያ በኋላ ቤቷን ሌላ ሰው ተከራየው፣ አጥሩም ጠበቅ ተደርጎ ታጠረ።

ይህ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ገና ፀሐይነሽ በሄደችበት ሰሞን፣ መውሊድ መጣ። ዘይኑልአቢዲን በየዓመቱ መውሊድ ሲያወጣ ከኑርሁሴን ውጭ ትሪ አይቀርብም። ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ ድቤው እየተመታ፣ መንዙማው እየተባለ ኑርሁሴን ከዱሮ ቦታው ተቀመጠ። ዱሮ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ የነበረበት ነው፤ አሁን ካጠገቡ ባዶ ተረፈ። ያን ባዶ ቦታ ሰው ያየ መሰለውና ሸማውን ዘርግቶ ሸፈነው።

ትሪው መጣ። ዘይኑልአቢዲን እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከፍየሉ ሥጋ ምርጡን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ሰው ሁሉ እያየ ወደ ኑርሁሴን አፍ አቀረበ።

«ላንተ ብዬ ነው የመረጥኩት። በነብዩ ቀን!»

ኑርሁሴን ጉርሻውን አየ፣ የወዳጁን ዓይን አየ። ሥጋው አማረው፤ አፉ ውኃ ሞላ። ግን እግሩን አሰበ፤ ግድግዳ ይዞ የተንፏቀቀበትን ጠዋት አሰበ።

«አውፍ በለኝ፣ ዘይኑ» አለ። «አልችልም። ወላሂ ንቄህ አይደለም።»

የዘይኑልአቢዲን እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጉርሻውን ካጠገቡ ለተቀመጠው ሰው አጎረሰው። አልተቆጣም። ለኑርሁሴን ደረቅ እንጀራና ድልህ ለብቻው በትንሽ ሣህን አስመጣለት። ኑርሁሴን ያችን ሣህን ጭኑ ላይ አድርጎ በላ። ሌላው ሁሉ ከትሪው ዙሪያ ተደራርቦ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቤት፣ ያ ሁሉ ድቤ በሚመታበት ቤት፣ እንደዚያ ቀን ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

የጠላው የለም። ዘይኑልአቢዲን ገበያ ላይ ሲያገኘው እንደ ዱሮው ጎኑ ቁጭ ይላል። ነገር ግን ሰደቃ ሲወጣ፣ ለተወለደ ሕፃን አቂቃ ሲታረድ፣ የሚጠራው ጠፋ። አንዱን ቢጠይቀው «ምን እናበላዋለን ብለን ተሳቀን ነው እንጂ» አለው። እውነቱን ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥና የማይበላ እንግዳ ለባለቤቱ ጭንቅ ነው።

አንድ ቀን ምርር ብሎት ሥጋ ገዛ። ቅቤውን አቀለጠ፣ ሽንኩርቱን ፀሐይነሽ እንዳስተማረችው በደረቁ አቁላላ፣ ሥጋውን ጨመረበት። ቤቱ በወጡ ሽታ ታወደ። አወጣውና ፊቱ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ዙሪያውን ቢያይ ማንም የለም። ሥጋ ቢበላም ያው ብቻውን ነው የሚበላው። ድስቱን ከነወጡ አንሥቶ ለጎረቤት ሰጠና በሶ በጥብጦ ጠጣ። ከዚያ ቀን በኋላ «ልተወው ወይስ ልቀጥል» እያለ አላወጣም አላወረደም።

ክረምቱ እንዳለፈ «ለይላን ልያት» ብሎ ተነሣ። ከዓመት በላይ አላያትም ነበር፤ ደጋን ድረስ መሄድ ለዱሮው ኑርሁሴን የማይታሰብ ነው። አሁን በእግሩ ወረደ። በማግሥቱ ከሰዓት ላይ ደጃፏ ሲደርስ ለይላ በቆሎ ስትፈለፍል አገኛት። ቀና ብላ አየችውና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለችው፣ እንግዳ ለሆነ ሰው እንደሚባለው።

«ለይላዬ» አለ።

ድምፁን ስትሰማ በቆሎው ከእጇ ወደቀ። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ማን ነገረኝ? እንዲህ ስትሆን ማን ነገረኝ?» ትላለች። ሊሞት መጥቶ ሊሰናበታት መሰላት። «ደህና ነኝ እኮ፤ ከዱሮው ይልቅ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። በእግሬ ነው የመጣሁት» ቢላት አላመነችውም። ባሏ ይማም ደግሞ አማቱ መጣ ሲሉት ከእርሻው ሮጦ መጥቶ፣ ኑርሁሴን አፉን ሳይከፍት ፍየል ጣለ።

ደም ከፈሰሰ ወዲያ ምን ይባላል። ኑርሁሴን ማስረዳት ያዘ፣ ሐኪሙን፣ ልቡን፣ እግሩን። ይማም አንገቱን ደፍቶ ሰማና «አላህ ያሽርህ፣ አባ» አለ። ፍየሉን እያየ ነበር። ለይላ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ማን ያበስልልሃል?»

«እኔው።»

«አንተ? አባ፣ አንተ ታበስላለህ?» ሳቅና እንባ ተቀላቀለባት። «ከማን ጋር ትበላለህ ታዲያ?»

ኑርሁሴን ከበቆሎው ፍሬ አንዱን አንሥቶ በጣቱ ያሻሽ ጀመር።

ለይላ ምስር ጥዳ ያለ ቅቤ ሠራችለት፤ ጨው በዛበት፤ አብራው ተቀምጣ በላች፣ አጎረሰችው። «እዚሁ ቅር፣ አባ። ምን አለህ ደሴ?» አለችው። ደስ አለው። እቀራለሁም ብሎ አሰበ።

ሰነበተ። እየሰነበተ ግን አንድ ነገር አየ። ለይላ «አባ ብቻውን እንዳይበላ» እያለች ከሱ ጋር ምስሯን ትበላለች፤ ይማም ከወዲያ ማዶ ወጡን ለብቻው ይበላል። መጀመሪያ ቀን ይማም ይቀልድ ነበር። በኋላ ቀልዱን ተወው። አንድ ምሽት ኑርሁሴን ቀና ቢል፣ አማቹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቶሎ ቶሎ እየጎረሰ፣ ሣህኑን አጋምሶ ሲነሣ አየው። ያን አበላል ኑርሁሴን ያውቀዋል። የራሱ ነው።

በማግሥቱ «ገበያዬ ጠበቀኝ» ብሎ ተነሣ። ለይላ ብትለምነው እንቢ አለ፤ ምክንያቱን አልነገራትም። ምስር ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ ቋጠረችለትና መንገዱ ድረስ ሸኘችው። ሲለያዩ «እንግዲህ ዛሬ ከባልሽ ጋር ብይ» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባት አልመሰለውም።

ቦርከና ወንዝ ዳር ሲደርስ ረፍዶ ነበር። ጥላ ፈልጎ ተቀመጠና ቋጠሮውን ፈታ። የመንገዱ ካሚዮን አቧራውን እያስነሣ አለፈ። ከኋላው ግመል የሚስብ አንድ የባቲ መንገደኛ መጣ።

«እንብላ!» አለው ኑርሁሴን፣ ቦታ ለቀቅ እያደረገ።

«ይባርክልህ፣ በልቻለሁ» አለ መንገደኛው፤ ግመሉን ሳያቆም አለፈ።

ኑርሁሴን እስኪርቅ ድረስ አየውና በላ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ጣሊያን ወጣ፣ ዘይኑልአቢዲን ሞተ፣ ኑርሁሴን ቅቤውን ትቶ እህል ነገደ። እግሩ ሁለተኛ አላበጠም፤ እርጅናው ላይ እንኳ ወደ ጦሳ አቀበት በትሩን ይዞ የሚወጣ ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎረቤቶቹ ያነሡበታል። ብርድ ቢሆን ዝናብ፣ ሲበላ በሩን ዘግቶ በልቶ አያውቅም ይላሉ።